በር ላይ ላጯት

ባለፈው ፋሲካ የወንድሜ ልጆች እኔ ዘንድ ሰነበቱ። የበዓሉ ወጥ ከተበላ በኋላ፣ ሁላችንም ጠግበን በየወንበሩ በተዘረርንበት ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ በየበዓሉ የሚደግመውን አንድ የድሮ ተከታታይ ኮሜዲ አመጣ። በእኛ ጊዜ ሰፈሩን ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ይሰበስብ የነበረ ኮሜዲ ነው። እኔም እንደ ድሮዬ ልስቅ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

ልጆቹ ግን የሚስቁት እኔ በማልስቅበት ቦታ ሆነ። "አየሽ አክስቴ? ብርጭቆው በግራ እጁ ነበር፤ አሁን በቀኙ ሆነ!" ይለኛል ትንሹ። "ክራቫቱም ተቀየረ!" ትላለች ሌላዋ። ለካ እንዲህ ያለውን ስህተት እየለቀሙ ስልክ ላይ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ፤ ልጆቹ ከእነሱ ተምረው ዓይናቸው ተስሏል። ከግድግዳው ሰዓት አንስቶ እስከ ማይክሮፎኑ ጥላ ድረስ አንድ ያመለጣቸው ነገር የለም። ታላቂቱ ቤዛ በመጨረሻ ጭንቅላቷን ያዘች።

"እንዴት አላዩትም ግን? ሲሠሩት ዓይን አልነበራቸውም?"

"ነበራቸው" አልኩና ሳህኑን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ፊቴ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ሰው በእኔ ዕድሜ ሳህን ይዞ ብቻውን ሲያፍር ማየት ያስቃል መሰለኝ።

የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህርነት እማር ነበር። አባቴ ቄስ ነው፤ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ብላ ባለች መንደር ገብስና ድንች እያረሰ ደብሩን ያገለግላል። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እታገኘሁ ናት። እቴቴ ነበር የምላት። ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በጨርቅ ቁራጭና በክር መሃል አደግኩ።

እቴቴ ትልቅ ሳቅ ነበራት። መጀመሪያ እንደ ፉጨት ያለ ትንፋሽ ታወጣለች፤ ቀጥሎ ይፈነዳል። አንድ ቤት ውስጥ ስቃ ሦስተኛው ቤት ያለው ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ፈገግ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ አፏን በነጠላዋ አፍና ስትስቅ ትከሻዋ ያሳብቅባት ነበር። አባቴ "ይህች ሴት በዕለተ ምጽአትም ሳትስቅ አትቀርም" ይላት ነበር፤ ይህንንም ሲነግራት ትስቃለች።

በዚያ ዓመት ጋሽ ሙላት የሚባል የአማርኛ መምህር የከተማውን የትያትር ወዳጆች ሰብስቦ ተከታታይ ኮሜዲ በቪዲዮ ልንሠራ ነው አለ። ሠርግ የሚቀርጸው ደረጀ ካሜራ አለው፤ ድርሰቱን ጋሽ ሙላት ራሱ ጽፎታል። መጀመሪያ በከተማው አዳራሽ ይታያል፤ ከተወደደ አዲስ አበባ ለቴሌቪዥን ይላካል። ታሪኩ ስለ አንድ ስስታም አከራይና ስለ ተከራዮቹ ነው። እኔ የአከራዩ ልጅ ሆኜ ተመረጥኩ፤ አፏ የማያርፍ፣ ከአባቷ የማትሻል ልጅ። እቴቴ ከመጋረጃ ከተረፈ ጨርቅ ቢጫ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ ማታ ማታም እሷ ስስታሙን አከራይ ሆና ቃለ ተውኔቴን ታስጠናኝ ነበር። እሷ ሳትስቅ የጨረስነው አንድም ገጽ የለም።

አሁን ሳስበው ከመሃላችን አንዱ ቀረጻ ከሌላው ጋር መግጠሙን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩንም አናውቅም። የቀረጽነው ሁላችንም ባገኘነው ትርፍ ሰዓት ነው፤ አንዱ ከሥራ ወጥቶ ይመጣል፣ ሌላው ገበያ ውሎ ይመጣል። የአከራዩ ጢም በዓይን ኩል የተሳለ ስለሆነ በየቀኑ ወርዱ ይለያያል። የጠላው ብርጭቆ ይጎድላል፣ ይሞላል። በአንዱ ትዕይንት ላይ በግቢው የምትዞር ዶሮ በቀጣዩ ላይ ጠፋች፤ ባለቤቶቿ ለልደታ አርደዋታል። ጋሽ ሙላት ስለ ዶሮዋ ሲነገረው "ታሪኩ ስለ ዶሮ አይደለም" ብሎ ዘጋው።

አንድ ትዕይንት ላይ አከራዩ የእድር መዋጮ ላለመክፈል ክፍሉን ቆልፎ ይደበቃል። ተከራዮቹ ሞቷል ብለው ያወራሉ። እኔ እየሮጥኩ መጥቼ በሩን እደበድብና እንዲህ እላለሁ፦ "አባባ! ሞቷል እያሉ ነው! ካልሞትህ በሩን ክፈት፤ ከሞትህም ቁልፉን አቀብለኝ!" ከዚያ በሩን በርግጄ እገባለሁ። የውጪውን ክፍል በግንቦት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀረጽነው። ፀጉሬ ሹሩባ ተሠርቶ ትከሻዬ ላይ ወርዷል። እቴቴ ከደረጀ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሌላ ሰው ቀሚስ ትዘመዝም ነበር። "ቁልፉን አቀብለኝ" ስል ያ ፉጨቷ ተሰማ፤ ወዲያው ሳቋ ፈነዳ።

"ድምፅ ገባ!" አለ ጋሽ ሙላት እጁን አንስቶ። "ኧረ እታገኘሁ ምን ነው?"

"ምን ላድርግ? ሳቁ ብለው አይደል የጠሩን?" አለች፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች።

ሊያስደግመን ነበር፤ ደረጀ ግን ባትሪው አለቀ አለ። "ይሁን በቃ" አለ ጋሽ ሙላት፣ እሱም እየሳቀ። "የጎረቤት ሳቅ ነው እንላለን።" የውስጡን ግን ያን ቀን ልንቀርጸው አልቻልንም፤ ክፍሉን የያዘው ሰው ዕቃውን ገና አላወጣም ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ እቴቴ ድንገት ታመመች። ሐኪም ቤት ገብታ ሳምንት ሳይሞላት አረፈች። አስከሬኗን በአይሱዙ ጭነን ወደ አገሯ ወሰድናት፤ ጭቃው ጎማ እየያዘ፣ ወንዶቹ እየወረዱ እየገፉ። በእኛ አገር ሴት ልጅ እናቷ ስትሞት ፀጉሯን ትላጫለች። አባቴ "ይቅርብሽ ልጄ፣ ብርዱ አይቻልም" ቢለኝም እምቢ አልኩ። የአጎቴ ሚስት በምላጭ ላጨችኝ። የጮቄ ንፋስ ባዶ ራስ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አርባዋ ሳይወጣ ፈተና ደረሰ። አባቴ ፈቅዶልኝ ለስንቅ ጭብጦ በነጠላ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ከተማ ወረድኩ። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ ስወጣ ጋሽ ሙላትና ደረጀ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ቆመዋል። ለቅሶ ደርሰውኝ ስለነበር ዳግም ያጽናኑኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ውቤ" አለ ጋሽ ሙላት፣ ዓይኔን ሳያይ። "ይህን መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሁሉም አልቆ ያንቺ ወደ ክፍሉ መግባት ብቻ ቀረ። የምንቀርጽበትን ግቢ ልንለቅ ነው። አንድ ከሰዓት ብቻ።"

"ፀጉሬስ?" አልኩ።

"ሻሽ ታስሪያለሽ። ሰው የሚያዳምጠው ንግግርሽን ነው፤ ፀጉርሽን ማን ያያል?"

ለእነሱ አዝኜ ነው እሺ ያልኩት ብል ደስ ባለኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለፉ ሰዎች ናቸውና ማዘኔ አልቀረም። ግን ለቅሶ ቤት ሰልችቶኝም ነበር። ጠዋት ማታ "አይዞሽ" መባል፣ ጠዋት ማታ ፊቴን መንጨት ደክሞኛል። አንድ ከሰዓት የሌላ ሰው ልጅ ልሁን፣ አባቷ የሞተ መስሏት ቁልፍ የምትጠይቅ ያቺ ቅሌታም ልጅ ልሁን አልኩ። የእቴቴን ክፍል ከፍቼ ቢጫውን ቀሚስ አወጣሁ። በልክ የተሰፋው ቀሚስ ሰፍቶኝ ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ከበሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ፣ "ግቢ!" ሲሉኝ በሩን በርግጄ ሮጥኩ። በድርሰቱ መሠረት አከራዩ ይተነፍስ እንደሆነ ላዳምጥ ጎንበስ ማለት አለብኝ። ጎንበስ ስል ሻሹ ተንሸራትቶ አንገቴ ላይ ወደቀ። አከራዩ የሆነው ሰውዬ ባዶ ራሴን አይቶ እውነት ደነገጠ፤ እኔ ግን ቃሌን አልሳትኩም። ቃለ ተውኔቴን ጨርሼ፣ እንደተጻፈልኝ ስቄ ስነሳ መብራት ሄደ። እስኪመሽ ጠበቅን፤ አልመጣም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሀዘኔ ተመለስኩ። ጋሽ ሙላት ክረምቱን ሁለት የቪዲዮ ዴክ አገናኝቶ ካሴቱን ሲቀጥል ያለችው አንዲቱ ቀረጻ ያቺው ነበረች።

ጥቅምት ላይ ኮሜዲው የሚታይበት ቀን ደረሰ። አባቴ በዚያው ሰሞን ለደብሩ ጉዳይ ከተማ ወርዶ ነበርና ጋሽ ሙላት መንገድ ላይ አግኝቶት መስቀል ተሳልሞ ጋበዘው።

"ልጅዎን መጥተው ይዩልን አባታችን። ሙያተኛ ናት።"

"አባዬ፣ ይደክምዎታል" አልኩ እኔ።

"ተቀምጬ ለማየት ነው የሚደክመኝ?" አለ። በጣም ደስ ብሎት ነበር። የሻሹን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ማን ያያል ተብዬ የለ?

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ውጭ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ይሰማል። አባቴ ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጭራውን ይዞ ከጎኔ ተቀመጠ። መብራቱ እስኪጠፋ ሰዎች እየመጡ መስቀል ይሳለሙ ነበር። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ፤ ፀጉሬ ገና ለሹሩባ አልደረሰም።

በመጀመሪያ ሰው በቀልዱ ሳቀ። ጋሽ ሙላት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊቱ ያበራ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ ከኋላ "ብርጭቆው ሞላ! ተአምር ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ቀልዱን የሚሰማ ጠፋ። "ጢሙ በአንድ ሌሊት አደገ!" "ዶሮዋን ምን በላት?" "ወጥ ሆናለች!" አዳራሹ ስህተት ለቃሚ ሆነ። ጋሽ ሙላት በመሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። ኮሜዲ ነው፣ ዞሮ ዞሮ መሳቃቸው አልቀረ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የበሩ ትዕይንት መጣ። ፀሐይ፣ ቢጫ ቀሚስ፣ ሹሩባ። "ከሞትህም ቁልፉን አቀብለኝ!" አልኩ በሁለቱም ቴሌቪዥን። ከዚያ ያ ፉጨት ተሰማ። የእቴቴ ሳቅ አዳራሹን ሞላው። እዚያ ካሴት ላይ መኖሩን ረስቼው ነበር። ከተቀበረች ወራት አልፈዋል፤ እሷ ግን ከደረጀ ጀርባ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ትስቃለች። ሰውም ሳቋን ተከትሎ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው ሳያውቅ፣ እንደ ድሮ ጎረቤቶቻችን። እኔ በሩን ገፋሁ፤ ገባሁም። ስገባ መስኮቱ ላይ ዝናብ ነው። ፊቴ ከስቷል፣ ቀሚሱ ይንጠለጠልብኛል። ጎንበስ አልኩ፤ ሻሹ ወረደ።

"ኧረ በር ላይ ላጯት!"

እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ወንበሮቹ ተንቀጠቀጡ። ሰው እርስ በርሱ ተደጋገፈ። እውነቱን ልናገር፣ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ተዋናይ ነበርኩ፤ ያ ደግሞ የምሽቱ ትልቁ ሳቅ ነው፣ ያሳቅኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ከኋላችን ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"የእታገኘሁ ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"ናት እንጂ! ሀዘን ላይ ሆና ነዋ የተቀረጸችው! አቤት የዘንድሮ ልጅ!"

በዚህ መሃል አባቴ ተነሳ። ሊወጣ መስሎኝ ነበር። አልወጣም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ሰዉ ዞረ። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ጋቢው ላይ ይንቀሳቀሳል። ሊናገር መሆኑን ሳውቅ እጄን ሰድጄ የጋቢውን ጫፍ ያዝኩና ወደ ታች ጎተትኩት።

"አባዬ፣ ይቀመጡ" አልኩ በሹክሹክታ። "እባክዎ ይቀመጡ!"

"ልጆቼ" አለ፣ ቅዳሴ ላይ በሚናገርበት ድምፁ። ከኋላ ያሉት ገና ይስቁ ነበር፤ ቀስ በቀስ ዝም አሉ። "ልጆቼ፣ ይህች ልጅ በር ላይ አልተላጨችም። እናቷን ቀብራ ነው። ቅድም የሰማችሁት ሳቅ የእናቷ ነው፤ የእህቴ የእታገኘሁ። ነፍስ ይማር በሉ።"

ሁሉም ተነሳ። "ነፍስ ይማር!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። አባቴ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ፤ ሰዉ ተከተለው። ቴሌቪዥኑን ግን ያጠፋው አልነበረም። እኛ ቆመን ስንጸልይ አከራዩ በሁለቱም ቴሌቪዥን አልጋው ላይ ዘሎ ተነስቶ የእድር ሰብሳቢዎቹን በመስኮት ይሳደብ ነበር፤ ሊያስቅ። ደረጀ ሮጦ ድምፁን ዘጋው። ጸሎቱ ሲያልቅ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያይ አልፈለገም። በተራ እየመጡ የአባቴን መስቀል ተሳልመው፣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" እያሉኝ ወጡ። "ላጯት" ብሎ የጮኸው ልጅም መጣ፤ በድምፁ ለየሁት። እንባ ነበረው። ጋሽ ሙላት በመጨረሻ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ቀና ብሎም አላየን።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ወደ ሮብ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ተያያዝነው። ገብሱ ሊያሸት ደርሷል፤ አደይ አበባው ረግፎ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። አንድ ዳገት ላይ አባቴ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ።

"መቼ ነው የሠራችሁት?"

"ለፈተና የወረድኩ ጊዜ ነው አባዬ።"

"ከአርባዋ በፊት?"

"አዎን።"

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጭራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እኔም ስቄያለሁ" አለ። "ድምጿን ስሰማ ያለች መሰለኝና ሳቅኩ። እሷ ስትስቅ ዝም ማለት ያስችላል? ስስቅ አንቺ ተላጭተሽ ገባሽ። አፌን መዝጋት አቃተኝ፤ ከሰዉ ጋር ስስቅ ነው ያየሁሽ።" ዓይኑን ጠረገ። "ለዚያ ነው የተነሳሁት። ለሰዉ መስሎሽ ይሆናል። ለራሴ ነው።"

መንገዱን ቀጠልን።

ኮሜዲው ከዚያ ወዲያ አልታየም፤ አዲስ አበባም አልተላከም። የዓመት ልፋታቸውን ከእኛ ሀዘን ጋር የቀበሩት ሰዎች አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም፤ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ግን እኔ ነበርኩ መንገድ የምቀይረው። ተመርቄ ደብረ ኤልያስ ስመደብ ከደብረ ማርቆስ በመራቄ ደስ አለኝ። ከዚያም ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣሁም፤ ካሜራ ፊትም አልቆምኩም።

ማድ ቤት ውስጥ ሳህኑን አጥቤ ስጨርስ ቤዛ መጥታ በሩን ተደገፈች። "ተቀየምሽን አክስቴ?" አለችኝ። አልተቀየምኩም አልኳት፤ እውነትም አልተቀየምኩም። ልጆች ምን ያውቃሉ? ሰው በር ላይ ቆሞ ውስጥ እስኪገባ መሃል ላይ ምን እንደገጠመው የሚያሳይ ቴሌቪዥን የለም።

ስንት ዓመት ሆነው። ስለ ፀጉሬ ያፈርኩት አልፏል፤ ፀጉር ይበቅላል። በሀዘን መሃል ስለ መሳቄም ከእቴቴ ጋር የምንጣላ አይመስለኝም፤ እሷ ብትሆን ሻሹን ረስታ ቀልዱን ታስደግመኝ ነበር። የማያልፍልኝ ጋቢውን የጎተተው ይህ እጄ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ ምእመን ተቀምጦ የሚሰማው፣ ሽማግሌ ተነስቶ የሚያሳልፈው። ያን ቀን ስለ እኔ ሲል፣ ስለ እህቱ ሲል ሲነሳ፣ በገጠር ጋቢው፣ በገጠር ንግግሩ፣ በከተማው ሰው ፊት አፈርኩበት። ጉተታዬን አውቆት ይሁን ሳያውቀው ዳገቱ ላይ አልነገረኝም፤ እኔም ሳልጠይቀው አረፈ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል "ይቀመጡ" ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጁ።